ዳቦ ያልተገኘበት የወይዘሮ ፍሩማ ቤት

ቢያሊስቶክ፣ ኤፕሪል 29 ቀን 1935

ለችግረኛ ልጆች አሳዳጊ ቤት አፈላላጊ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ለክብርት ወይዘሮ ሮዛሊያ ላንዳው፤

ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ክቡር ባለቤትዎና ልጆችዎስ ደኅና ናቸው? ይህን ደብዳቤ ምኩራቡ በር ላይ ልለጥፈው ወይስ ልቅደደው እያልኩ ብዙ አመንትቻለሁ፤ አጻጻፌም ጥሩ መሆኑን አላውቅም።

እኔ ጊትል ነኝ። እናታችን ሳንባዋን ታማ ሆስፒታል ከገባች ወዲህ፣ ለእኔና ለትንሹ ወንድሜ ለሌይዘር አይሁዳዊ ቤት ለማግኘት ኮሚቴዎ ስለደከመው ድካም ከልብ አመሰግናለሁ። ዓሣ ሻጯ ወይዘሮ ፍሩማ ሁለታችንንም ሊወስዱን እየለመኑ «የሚሆን ቤት አልተገኘም» በመባሉ፣ ቅሬታዬን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሁለት የተከበሩ የኮሚቴው እመቤቶች የወይዘሮ ፍሩማን ቤት ሊመረምሩ የመጡት በቂጣው በዓል ዋዜማ ነበር። መደርደሪያው ላይ ዳቦ አጡ፤ የዱቄቱን ጣሳ ቢገለብጡት ብናኝ አልወጣም። በዚያ ቀን ከአይሁዳዊ ቤት ዳቦና እርሾ ተጠርጎ እንደሚወጣ፣ እኔ ራሴም ላግዛቸው መጥቼ እዚያው ጥግ ቆሜ የወለሉን ስንጥቅ በዝይ ላባ እየጠረግሁ እንደነበር አላስተዋሉም። ይህን ሥራ በየዓመቱ ሌላ ሰው ስለሚሠራላቸው ቢዘነጉት አልፈርድባቸውም። «ለመሆኑ ዳቦው የታለ?» ሲሉ፣ ወይዘሮ ፍሩማ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ «የኔ እመቤት፣ ዛሬ ዳቦ ካማረዎት ቄሱ ቤት ይሞክሩ፤ እኔ ጋ ያለው ድንች ነው» አሏቸው።

ሁለተኛ፣ ቤቱ «የሚበላ የሌለበት»፣ ሴትዮዋም «ምላሳቸው ለልጅ የማይበጅ» ተባሉ። በዓሉ ሲያልፍ ወይዘሮ ፍሩማ ትኩስ ዳቦ ታቅፈው ጽሕፈት ቤታችሁ ቢመጡ፣ ጸሐፊው «እማማ፣ ነገሩ ተወስኗል፤ ዳቦውን ግን ይተዉልን» አሏቸው። ትተውላችኋል። እንደጣፈጣችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሦስተኛ፣ ሌይዘር ነገ ጠዋት ሩቅ መንደር፣ አንድ ባለወፍጮ ቤት ይላካል፤ እኔ እዚሁ ከተማ፣ አንድ ልብስ ሰፊ ቤት እቀራለሁ። ሲነገረኝ አላለቀስኩም። ሸሚዙን አጠፍኩ፣ ካልሲውን አጠፍኩ፤ ከዚያ የሚታጠፍ ነገር አጣሁ። «እዚያም ከጎኔ ትተኛለሽ አይደል?» ሲለኝ «ሾርባህ ቀዘቀዘ፣ ብላ» አልኩት። ለዚህም ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ምንም ሳይሰማኝ መዋልን ያለ እናንተ እርዳታ አልማረውም ነበር።

ለቤትዎ ሰላምን፣ ለማዕድዎ በረከትን፣ ለልጆችዎም በአንድ ጣራ ሥር አብሮ ማደግን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የልብስ አጣቢዋ የብሉማ ልጅ፣ ጊትል

ሳልጽፈው የቀረ፦ ነገ ጠዋት ጋሪው ሲመጣ ከሌይዘር ጎን ወጥቼ እቀመጣለሁ። አልጮህም፣ አልከራከርም፤ እጁን ብቻ እይዛለሁ። ልታስወርዱኝ የፈለጋችሁ እንደሆነ ግን ሰው አይላኩብኝ፤ እርስዎ ራስዎ መጥተው ጣቶቻችንን ያላቅቁ።