ለሽማግሌ የቀዳሁት ምስክርነትሽ

አምቦ
የካቲት 11 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ባየሽ፣

የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። አንገትሽ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን ይጠዘጥዛታል ብላ እህትሽ ጣቢታ ነግራኛለችና ሻርፕሽን ሳትይዢ አትውጪ። ስደውልላት በአጭሩ መልሳልኝ ትዘጋዋለች፤ አልፈርድባትም። ለአንቺ ያልደወልኩት ስልክ ላይ ድምፄን ከፍ ማድረጌ ስለማይቀር ነው። ወረቀት ላይ ግን እንደ እኔ ያለ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢያንስ በሥርዓት ይጽፋል።

እዚህ ሁሉ ደህና ነው። ጊደሯ ወልዳለች፤ ወይፈን ነው። ጓሮ የተከልሽውን ጎመን የጎረቤት ዶሮ ጨርሶታል፤ ብጮህም ዶሮው ለምዶኛል። ቤቱ ያው እንደተውሽው ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ተጨምሮበታል። ስትሰሚ ወይ ትስቂያለሽ ወይ ትናደጃለሽ። ዲሽ አስገባሁ። አዎ፣ እኔው ነኝ። “የዓለምን ቆሻሻ ጣራዬ ላይ አልተክልም” እያልኩ ስንት ዓመት ያስለመንኩሽ ሰው ጣራው ላይ ሰሃን ተከልኩ። መዝሙር ልይበት ስትዪኝ የከለከልኩሽን ዕቃ፣ አንቺን ለመክሰስ ስል ገዛሁት። ይኸው ወጣልኝ። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ከጥምቀት በኋላ ሰዉ ሁሉ ተለወጠብኝ። ገበያ ስወጣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ “ኦቦ ፉፋ፣ ጃባዱ! በርታ!” የሚለኝ በዛ። ባጃጅ ላይ “ከአንተማ አልቀበልም” የሚለኝ መጣ። ቤተ ክርስቲያን ስገባ ሴቶቹ እኔን እያዩ ባሎቻቸውን ጎሸም ያደርጋሉ። “ባየሽን በቴሌቪዥን አየናት እኮ፣ ስትመሰክር...” ብለው ሲጀምሩ “አውቃለሁ፣ አውቃለሁ” ብዬ አልፋለሁ። ምን እንዳልሽ የማውቅ መስሎኝ ነበር። ምን ልትዪ ትችያለሽ? የሆነውን ነዋ!

የሆነውን ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። እንቅርትሽ አብጦ ዶክተሩ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል ሲል፣ እኔ ጉባኤ ፊት ቆሜ “ባለቤቴ ያለ ቢላዋ ትድናለች” አልኩ። መጋቢው ራሱ “ኦቦ ፉፋ፣ ሐኪሙንም የፈጠረው እሱ ነው” ቢለኝ አልሰማሁም። አንዴ ከአፌ ወጥቷላ! የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። አንቺንም “አዲስ አበባ ከሄድሽ ከእምነት ወድቀሽ ነው የምትሄጂው፣ እኔም አልከተልሽም” አልኩሽ። ከጣቢታ ጋር ሄድሽ፤ አልተከተልኩሽም። ኦፕራሲዮን በምትደረጊበት ቀን ቢሮ ገብቼ መዝገብ ስደረድር ዋልኩ። ሰው “ባየሽ እንዴት ናት?” ሲለኝ “በጌታ እጅ ናት” እል ነበር። አፌን ሞልቼ።

ስለዚህ ሰዉ እጄን ሲጨብጠኝ ሽሙጥ መሰለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ባዳ ብቻ ሳይሆን ፈሪም ነበር።

ታዲያ ማፈር ሲገባኝ ተቆጣሁ። መቆጣት ይቀለኛል፤ ታውቂያለሽ። “የቤቷን ገበና በሳተላይት የበተነች ሴት” ብዬ በሆዴ ክስ አረቀቅኩ። ሽማግሌ ፊት አቆማታለሁ፣ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ከዚያ ትመለሳለች አልኩ። የፈለግኩት እኮ “ትመለሳለች” የሚለውን ብቻ ነበር፤ እሱን በቀጥታ መለመን ስላቃተኝ በክስ ዞርኩበት። ለክስ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ በዚህ ወር ረቡዕ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ይደገማል አሉ፤ ረቡዕ ማታ ጸሎት የምመራው እኔ ነኝ። በሌለሁበት የሚቀዳ ዕቃ ፍለጋ መናኸሪያው አጠገብ ወደ ጃለኔ ሱቅ ሄድኩ።

ጃለኔን ታስታውሻታለሽ፤ ዲሽና ሪሲቨር የምትሸጠዋ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ መናኸሪያው ማዶ ድረስ የምትሰማዋ።

“ኦቦ ፉፋ! አካም ጂርቱ? እርስዎና ዲሽ ተጣልታችሁ አልነበር እንዴ?”

“ታርቀናል። የሚቀዳ ሪሲቨር አለሽ?”

ደርድራ አወጣችልኝ። ርካሹን አንስቼ “ይኸው፣ የፍላሽ መሰኪያ አለው፣ ይበቃኛል” ስላት ከእጄ ነጠቀችኝ።

“እሱ ፍላሽ ላይ ያለውን ያጫውታል እንጂ አይቀዳም። መሰኪያ ያለው ሁሉ ይቀዳል ማለት አይደለም። ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዶ ይሄድና ተመልሶ እኔን ይሰድበኛል።” ሌላውን ከቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ ፍላሽ ሰካች፤ ሪሞቱ ላይ ቀይ ነጥብ ያለበትን ተጫነች። አንድ ዐረብ ወጥ ሲያማስል ቀዳችና መልሳ አሳየችኝ። “ዓይንዎ እያየ ካልቀዳ አይግዙ። ፍላሹን ለብቻው ይገዛሉ። ደግሞ አንዱን እየቀዳ ሌላ ጣቢያ ልይ ካሉት እሺ አይልም።”

“ሌላ ጣቢያ አላይም።”

“ሰዓቱ የፈረንጅ ነው። የማታ አንድ ሰዓትን አሥራ ዘጠኝ ብለው ነው የሚሞሉት፤ አለበለዚያ ሌሊት ተነስቶ የማይፈልጉትን ይቀዳልዎታል።”

“የቀዳሁትን ሰው ቤት ወስጄ ባሳይስ?”

“ፍላሹን ብቻ ከወሰዱ የሌላ ሰው ሪሲቨር አይከፍተውም። ይሄ የቀዳውን የሚያነበው ይሄው ራሱ ነው። ሳጥኑን ተሸክሞ መሄድ ነው እንግዲህ።” ከዚያ ፊቷ በራ። “የባየሽን ሊቀዱ ነው አይደል? አዬ ኦቦ ፉፋ፣ እኔማ ሳያት አለቀስኩ፣ እንዴት ብላ...”

“ስብከት ነው የምቀዳው” አልኩና ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ትንሽ ታግሼ ብሰማት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

በማግስቱ ራሷ መጥታ፣ ጣራ ላይ ወጥታ ዲሹን አዞረችልኝ። ረቡዕ ማታ ጸሎት ስመራ ልቤ ቤት ነበር። ስመለስ ቀድቷል። አልከፈትኩትም። ሰው ቢጠይቀኝ “ሽማግሌ ፊት በንጹሕ እጅ ነው የምከፍተው” እል ነበር፤ እውነቱ ግን ለብቻዬ ላይሽ ፈራሁ። “ባሌ አልመጣም” ስትዪ ብቻዬን መስማት አልቻልኩም። ሰው መሃል ከሆነ ቢያንስ መቆጣት ይቻላል።

ቅዳሜ ሪሲቨሩን በነጠላሽ ጠቅልዬ አጎትሽ ኦቦ ሆርዶፋ ዘንድ ጉደር ሄድኩ። ሚኒባስ ውስጥ አንዲት እናት ሕፃን መስሏት “ስንት ወሩ ነው?” አለችኝ። ኦቦ ሆርዶፋ ስንጋባ እጅሽን ለእጄ የሰጡ ናቸውና ክሱንም እሳቸው ይስሙ ብዬ ነው። ሁለት የጉደር ሽማግሌዎች ጠርተው ይጠብቁኛል። የእሳቸውን ዲሽ ነፋስ ካዞረው ቆይቷል፤ ሽማግሌዎቹም ምስክርነትሽን አላዩም።

“እሺ ፉፋ፣ ምን በደለችህ?” አሉኝ።

“የቤቴን ገበና ለአገር አውጥታለች። ማስረጃው ይኸው” አልኩና ገመዱን ሰክቼ ሪሞቱን ተጫንኩ።

ወጣሽ። ባየሽ፣ አምሮብሽ ነበር። የማላውቀው ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰሻል። ዘወር ስትዪ ሻርፑ ሸሸት አለና ጠባሳሽ ታየ። የሚስቴን ጠባሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጉደር፣ ሰው ቤት፣ በቴሌቪዥን ነው። ያንን ስጽፍልሽ አሁንም ፊቴ ይቃጠላል። ከዚያ ተናገርሽ።

“ድምፄን እንዳላጣ ፈርቼ ነበር። ባለቤቴ ፉፋ ግን ‘ሂጂ፣ የሐኪሙም እጅ የጌታ እጅ ነው’ አለኝ። ከአልጋዬ አልተለየም። መናገር ሲያቅተኝ መጽሐፍ ቅዱስ ያነብልኝ ነበር። ውሃ በማንኪያ እያጠጣኝ ነው የሰነበተው። እንዲህ ያለ ባል የሰጠኝ ጌታ ይመስገን።”

ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሕዝብ ሃሌ ሉያ አለ። እኔ ውሃ ሆንኩ።

አንደኛው ሽማግሌ ዞሮ አየኝ። “ገበናው ታዲያ የቱ ጋ ነው?”

ምን ልበለው? ሚስቴ አመሰገነችኝ ብሎ የሚከስ ሰው አለ? “ሳታማክረኝ... ስሜን አንስታ...” እያልኩ ተንተባተብኩ። ሰውዬው ሳቀ፤ “ትሑት ሰው ነህ፣ መመስገን አትወድም ማለት ነው” አለኝ። ያኔ ኦቦ ሆርዶፋ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። “ዋቅኒ ሲ ሃ ኤቢሱ። እግዚአብሔር ይባርክህ። ልጄን ያስታመመ እጅ አይዛል፣ ደጅህ ከበረከት አይጉደል” ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ። ባየሽ፣ አሜን አልኩ! ዝም ማለት ስችል፣ ያውም ጮክ ብዬ።

ሰዎቹ ያላዩትን አንድ ነገር ግን አይቻለሁ። “ባለቤቴ” ከማለትሽ በፊት የጆሮ ጌጥሽን ነካሽ። ሰው “ፉፋ ለበዓል ምን ገዛልሽ?” ሲልሽ “ኧረ ሞልቶ” የምትዪ ጊዜ የምትነኪውን። ውሸት አይሆንልሽም፤ ስትዋሺ ያየሁሽ እኔን ለመሸፈን ብቻ ነው። ስንት ጊዜ እንደሸፈንሽኝ የቆጠርኩት ከጉደር ስመለስ ነው።

ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ማክሰኞ ከሥራ አስፈቅጄ ወደ ጉደር ተመለስኩ። ኦቦ ሆርዶፋ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው በቆሎ ይፈለፍላሉ።

“ኦቦ ሆርዶፋ፣ ያ ምርቃት የእኔ አልነበረም። ሆስፒታል አልሄድኩም።”

ቀና ሳይሉ “አውቃለሁ” አሉኝ። “እኔ ነበርኩ። በማንኪያ ያጠጣኋት እኔ ነኝ፤ ግማሹን ደረቷ ላይ እያፈሰስኩ። ያነበበችላት ጣቢታ ናት።”

እሳቸው እዚያ እንደነበሩ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አላውቅም ነበር። ማን አለ ብዬ መቼ ጠየቅኩና!

“ታዲያ ለምን መረቁኝ?”

“አሜን ትል እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።”

ለካ ሰው እንዲህም ያፍራል። እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። አንድ ራስ በቆሎ ሰጡኝና አብሬያቸው ፈለፈልኩ። በኋላ “ሽማግሌ የተጣሉትን ነው የሚያስታርቅ” አሉኝ። “እሷ አልተጣላችህም። ደክሟታል። የደከመን ሰው አይከሱትም፤ ሄደው ሸክሙን ይቀበሉታል። በል ተነስ።”

አሁን የምጠይቅሽ አለኝ። መጋቢው እሁድ ባለትዳሮችን አስተምርልኝ ብሎኛል፤ ርዕሱ ሚስቱን ስላስታመመ ባል ነው። አልችልም አልኩ፣ ምክንያቱን ግን አልተናገርኩም። እውነቱን ካወጣሁ ጉባኤ ፊት አንቺን ዋሾ ላደርግሽ ነው። ዝም ካልኩ ደግሞ የኦቦ ሆርዶፋንና የጣቢታን ምርቃት እየበላሁ ልኖር ነው። ስለ እኔ የዋሸሽው አንቺ ነሽና አንቺ ወስኚ። ተናገር ካልሽኝ “ያለ ቢላዋ” ያልኩበት ቦታ ቆሜ ሁሉንም እናገራለሁ። ዝም በል ካልሽኝ ዝም እላለሁ። እስከዚያው ግን መንገድ ላይ ሲመርቁኝ አሜን አልልም፤ ሰዉም ኩራት መስሎት መታዘብ ጀምሯል። ይታዘብ።

የክትትል ቀጠሮሽ የፊታችን ሰኞ መሆኑን ጣቢታ ሳታስበው ነግራኛለች። ፈቃድ ወስጃለሁ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ እቆማለሁ። አሁን መምጣቴ ያኔ እንደመጣሁ አያስቆጥርልኝም፤ ቀኑ ያለፈበት አቤቱታ እንዴት እንደሚመለስ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ቦርሳዬን ያዝ ካልሽኝ እይዛለሁ። አይተሽኝ ብታልፊም አልጠራሽም፤ ስትገቢና ስትወጪ አይቼ ወደ አምቦ እመለሳለሁ።

ለጣቢታ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ስላነበበችልሽም ጌታ ዋጋዋን ይክፈላት። ድምፅሽን የመለሰልሽ እሱ ቁስልሽን ፈጽሞ ይጠግንልሽ፣ በገባሽበት ሁሉ ሰላሙን ያስቀድምልሽ።

ከዚህ በታች ስሜን ብቻ ጽፌያለሁ። “ባልሽ” የሚለውን ለመጻፍ እጄ አልታዘዝ አለኝ፤ አንድ ቀን ካመንሽበት አንቺ ጨምሪበት።

ፉፋ