የአባዬ የመጨረሻ ከሰል

ኅዳር 9፣ ጠዋት 2፡30
ደብተሬ፣ ሦስተኛ ቀኔ። አባዬ ቤት ነኝ፣ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ። ሐኪሙ ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ሥራህን ትተህ ረጋ በል አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። እንጅባራ መ/ቤታችን እኔ የምጠብቀው የቡድን መሪነት ቦታ ላይ ሰው ሊመደብ ነው፤ እኔ እዚህ አየር ልቀበል? ስልክ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነው።
አባዬ ከሰል እያከሰሉ ነው። ለከሰል የተከሏቸውን የዲከረንስ ዛፎች በሽታ እየጨረሰባቸው ስለሆነ የተረፉትን ቆርጠው ከምረው፣ አፈር አልብሰው ለኩሰዋል። ዳግመኛ አልተክልም ይላሉ። የመጨረሻቸው ነው።

ኅዳር 10፣ ከሰዓት
ቀኑን ሙሉ ጭስ ሲያዩ ዋሉ። ነጩ ጭስ ሳስቶ ሰማያዊ ሲሆን ደረሰ ማለት ነው አሉ። አፈሩ ከተሰነጠቀ ቶሎ መድፈን፤ ነፋስ ከገባ ሁሉም አመድ ነው። አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ብርድ፣ ዝንብ፣ ጭስ። ሩብ ሰዓት አልቆየሁም። አምስቴ ጉብታ ወጣሁ። ምንም የለም። ስመለስ ቦታዬን ጠጋ ብለው ለቀቁልኝ። ይሄ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል፣ 8፡00
ደብተሩን በጥላሸት እጄ እያቆሸሽኩ ነው።
አባዬ ለንግሡ ሲሄዱ ክምሩን ለእኔ አደራ ሰጡ። ጭሱን ብቻ እይ አሉ። ሌላ ምንም አልጠየቁኝም። ጉብታ ወጣሁ። ወደ ታች ሳይ ከግቢያችን በኩል ወፍራም ጭስ ይወጣል። ኅዳር ሲታጠን ነው ብዬ ዝም አልኩ፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠል የለ። ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆምኩ፣ እንደ ጅል። ነበልባሉን ያየሁት ዘግይቼ ነው። ሮጬ ደረስኩ፣ አፈር በአካፋ በተንኩ። ክምሩ ግን ተበልቷል።
አባዬ በነጭ ጋቢያቸው መጡ። አልጮኹም። በአዊኛ አንድ ነገር ለራሳቸው ተናገሩ። ገባኝ፤ አልጽፈውም። ከዚያ በአማርኛ፣ እንግዳ እንደሚያናግሩ፦ «ማን ደውሎልህ ነው?»
አለቃዬ አልኳቸው። ዋሸሁ። ማንም አልደወለም።

ኅዳር 13
ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ምሳ አቀረቡልኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 14፣ ጠዋት 3፡00
ከእሳቱ የተረፈውን ግንድ ለቅመው ትንሽ ክምር ሠሩ። አካፋውን ሳልጠየቅ ያዝኩ፤ አልከለከሉኝም። አፈር ስናለብስ ማንም አልደወለልኝም አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። ለካ ያውቁ ኖሯል።
አሁን ተቀምጫለሁ። ስልኬ ቤት ነው፣ ዘግቼዋለሁ። እሳቸው ደክሟቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፣ እዚሁ አጠገቤ። ክምሩን ለእኔ ትተው! እንዴት እንዳረጁ ዛሬ ገና አየሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ በየበዓሉ መጥቼ አላየሁም።
ጭሱ ገና ነጭ ነው። ሰማያዊ እስኪሆን ድረስ አልነሣም። የቡድን መሪነቱን ለሌላ ይስጡት።
አንተም ደብተሬ አንድ ነህ ከስልኩ ጋር፤ ጭሱን አስትተህ አንገቴን ታስደፋኛለህ። በምሥራቁ ጎን አፈሩ ሊሰነጠቅ—