የዐም ኢድሪስ ቀለሆች

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ዛሬም ቀለህ ስከረክም ዋልኩ። ይገርምሻል፣ ማስታወሻዬ፤ በሰው አገር የተቀጠርኩት ለቤት ሥራ ነበር። ወለሉን ጠርጌ፣ ምሳ ጥጄ ስጨርስ ግን የአሠሪዬ የዐም ኢድሪስ እጅ እሆናለሁ። (ዐም አጎት ማለት ነው፤ ዐ.ኢ. እላቸዋለሁ ከእንግዲህ።) በጉብዝናቸው ዲንደር ፓርክ ውስጥ የዱር እንስሳት ጠባቂ ነበሩ። ዛሬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። የአደን ጠመንጃቸው ግን አለ፣ ፈቃዱም አለ። ጥይቱን የሚሠራ ፋብሪካ የለም፤ ልኩን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ የሌላ ጠመንጃ ባዶ ቀለህ እንወስዳለን። ዘይት እቀባዋለሁ። የመጭመቂያውን እጀታ ስጫን ናሱ ማጥበቢያው ውስጥ ገብቶ አንገቱ ቀጥኖ ይወጣል። ሲጠብ ደግሞ ይረዝማል፤ ትርፉን እከረክማለሁ። ልኬቱ የፀጉር ታህል ቢዛነፍ አይቀበሉኝም።

ናስ እንዲህ ታዛዥ መሆኑን የት አውቄ።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ፣ ከሰዓት

መብራት የለም። በረንዳ ላይ ሠራን። ዐ.ኢ. የመጀመሪያውን ቀለህ ጠመንጃው ውስጥ አስገቡ። ሳይነካካ፣ ውሃ እንደሚገባ ገባ።  እሳቸው ማሻአላህ አሉ። ባሩዱን መቼ እንሞላለን አልኳቸው። አገር ሲረጋጋ፣ ኢንሻአላህ አሉኝ።

ልጃቸው ሐናን ፕሬዚዳንቱ ይውረድ ከሚለው ሰልፍ ገባች። ፋርማሲስት ናት። ዓይኗ በአስለቃሽ ጭስ ቀልቷል። ጠረጴዛውን አይታ ፊቷን አዞረች። በሰላም ነው የምንወጣው፣ ይሄን ከፊቴ አንሡልኝ አለች። 

ሚያዝያ 3፣ ሐሙስ

ሰውየው፣ ሠላሳ ዓመት የገዛው ፕሬዚዳንት፣ ወረደ። ሬዲዮው ከማለዳ ጀምሮ የወታደር ሙዚቃ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ተነገረ። እኔ ከሻ፣ የፖሊስ አፈሳ፣ ፈርቼ አልወጣሁም። ወረቀት የሌለውን ሐበሻ ፖሊስ የሚያፍሰው በእንዲህ ያለ ግርግር ነው። ዐ.ኢ. ክንዴን ይዘው ጣራ ላይ አወጡኝ። እልልታው ከአርካዊት ሰፈር ተነሥቶ እስከ ጀሪፍ፣ ከዚያም ማዶ። ከተማ ሙሉ በአንድ ጉሮሮ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። 

ግንቦት 27፣ ማክሰኞ

ዒድ ነው። በዚህ ቤት ዒድ ሙባረክ ያለ የለም። ትናንት ንጋት ላይ ወታደሮቹ፣ ሥልጣን ለሕዝብ ይሰጥ ብለው በጦሩ መምሪያ ደጅ ሜዳ ላይ ተቀምጠው የሰነበቱት ሰልፈኞች ላይ ተኮሱ። ሐናን እዚያ ናት። ኢንተርኔት የለም፣ ስልኳ አይነሣም። ዐ.ኢ. በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። አልበሉም። ጀሪፍ ወዳለው ቤቴም መሄድ አልቻልኩም፤ መንገዱ ዝግ ነው። ጌታ ሆይ፣ አንድ ልጃቸው ናት።

ግንቦት 29፣ ሐሙስ

መጣች። በእግሯ። ሰው ግቢ ተደብቃ ሰንብታ። ቶቧ፣ የተጠቀለለችበት ረጅም ልብስ፣ ላይ ደም አለ፤ የእሷ አይደለም፣ እጇ ላይ የሞተችው የጓደኛዋ ነው። ውሃ ጠጣች። ቀጥታ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ከጨረስናቸው ቀለሆች አንዱን አነሣች። ባሩድ ሙሉልኝ፣ ጠመንጃውንም ስጡኝ አለቻቸው አባቷን።

ዐ.ኢ. አልተቆጡም። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

«ልጄ፣ እኔ ይሄን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ሠላሳ ዓመት ሰውየውን ስፈራ ኖርኩ። እናንተ በባዶ እጃችሁ አወረዳችሁት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ፅጌ፣ ቀለሆቹን በሞርሳው ጨፍልቂያቸው።»

እጄ እንቢ አለኝ። ስንት የደከምንበት! ፊታቸውን አየሁ። ቀለሁን በሞርሳው የብረት መንጋጋ መሐል አድርጌ አጠበቅሁት። ናሱ ሲታጠፍ ያቃስታል። አንዱን ስጨርስ ሌላውን ያቀብሉኛል፣ በዚያ በሚንቀጠቀጥ እጅ። ሐናን መሬት ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ኋላ ራሷን ጉልበታቸው ላይ ጣለች።

እዚህ ቤት ለሥራ መጥቼ ምን ዓይነት ሰው ዘንድ እንደገባሁ ዛሬ ገና ገባኝ።

ሰኔ 22፣ ቅዳሜ

ነገ ትልቅ ሰልፍ አለ። ወሬው በር ለበር ነው የደረሰን፣ ወጣቶቹም ግድግዳ ላይ ጽፈውታል። ሐናን ልትወጣ ነው፣ ከፊት። በባዶ እጃቸው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው የተኮሱባቸው ሰዎች ፊት እንደገና ሊቆሙ! ልቤ አልችል አለ።

ዐ.ኢ.ም እወጣለሁ ብለዋል። ያለ ደጋፊ መንገዱን አይዘልቁትም። እኔን ግን አልጠየቁኝም። መታወቂያዬ ጊዜው እንዳለፈ ያውቃሉ፤ ቤት ጠብቂ አሉኝ።

አንቺም፣ ማስታወሻዬ፣ ፍሪ ብትዪኝ እውነትሽን ነው። እፈራለሁ። ቢሆንም ጫማዬን በር ላይ አውጥቻለሁ፣ የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥቻለሁ። ነገ ክንዳቸውን ይዤ እወጣለሁ።