አረንጓዴ ቀለም የነካው ቱታ

ውድ አባቴ፣

በሕይወት ሳለህ ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን ምን ያስጽፈኛል? የምልህ ነገር ካለ ብጣሽ ወረቀት ፍሪጁ ላይ እለጥፍልሃለሁ፤ አንተ ከሥሩ «እሺ» ብለህ ትጽፋለህ፤ አለቀ። ከሞትክ ከስምንት ወር በኋላ ዛሬ የምጽፍልህ ጎርደን ትሬልፎል ስላዘዘኝ ነው። አዎ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ስሙ ቤታችን ውስጥ እንዳይነሳ የከለከልከው ጎርደን። ስሙን ስታይ ወረቀቱን ጨምድደህ እንደምትጥለው አውቃለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ታገሰኝ።

ጎርደን አልከዳህም። ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ይኸው፣ ተናገርኩት። ይህችን መስመር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ፤ አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው፣ ያም ግማሽ ቢሆን ውሸት ነው።

ያን የብርድ ወራት አትረሳውም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ እማዬ ከሞተች አምስት ዓመት ሆኗት ነበር። የምትሠሩበት የመዝናኛ ፓርክ «የባሕር ንግሥት»ን ለእድሳት ብሎ ዘጋት። ዙሪያዋን በሸራ አጠረና ሠራተኞቹን ሁሉ ትንፍሽ እንዳይሉ አስፈረመ። አንተና ጎርደን ያችን ሰው አሳፍራ ሽቅብ ቁልቁል የምትበር የእንጨት ሮለር ኮስተር ሠላሳ አንድ ዓመት ስትጠግኑ ኖራችኋል፤ በየማለዳው ሐዲዷን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግራችሁ እየሄዳችሁ ብሎን ታጠብቃላችሁ፣ የበሰበሰ ጣውላ ትቀይራላችሁ። «አሮጊቷ» ነበር የምትሏት። አሮጊቷ ዛሬ ወገቧን አሟታል፤ አሮጊቷ ዛሬ አኩርፋለች። እማዬ ስለ ሌላ ሴት እንደምታወሩ አድርጋ ታሾፍባችሁ ነበር።

እኔ ደግሞ ራት ላይ እነዘንዝሃለሁ።

«አባዬ፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው የምትቀቧት?»

«እርጥብ ቀለም።»

«የምሬን እኮ ነው!»

«እኔም የምሬን ነው። ድንችሽን ብዪ።»

የኢንተርኔት ፎረም ማለት ምን እንደሆነ ገብቶህ አያውቅም። «ያን ሳጥን አጥፊና ተኚ» ነበር የምትለኝ። ሳጥኑ ውስጥ ግን አሮጊቷን የሚወዱ አራት መቶ ሰዎች ነበሩ። ባለ ፎቁ አውቶቡስ ላይኛው ወንበር ላይ ተቀምጠው ከሸራው በላይ ፎቶ ያነሳሉ፤ ወደ ግቢው የሚገባውን የጭነት መኪና ሁሉ ይመዘግባሉ፤ ስለ አንድ ክምር ጣውላ ሁለት ቀን ሙሉ ይጨቃጨቃሉ። አንዱ ለመጠገኛ የመጣ ነው ይላል፤ ሌላው ከላይዋ የተነቀለ ነው ይላል፤ ሦስተኛው «አንተ እንኳን ጣውላ የጥርስ እንጨትም አትለይም» ብሎ ሁለቱንም ይሰድባል። እዚያ ስሜ «ስንጥር» ነበር። ትምህርት ቤት አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው አልነበረኝም፤ ታውቃለህ። እዚያ ግን የጻፍኩትን የሚያነቡ ነበሩ።

ያን ጊዜ ሁሉም አሮጊቷ ልትፈርስ ነው ብለው ደምድመው ነበር። ራሱን ኮሞዶር ብሎ የሚጠራ፣ ሺህ ጊዜ ተሳፍሬባታለሁ የሚል አንድ ሰውዬ «እድሳት የሚሉን አፋችንን ለማስያዝ ነው፤ ለፋሲካ ባዶ ሜዳ ታያላችሁ» ብሎ ጻፈ። ሰዉ ሙሾ አወረደ። እኔ በየማታው ቀለም ቀለም እየሸተትክ ስለምትገባ አውቅ ነበርና «አትፈርስም፤ እየቀቧት ነው» አልኩ።

«ማን ነገረሽ?»

«በቃ አውቃለሁ።»

«ስንጥርዬ፣ የቤት ሥራሽን ጨርሰሻል? ማስረጃ ካለሽ ወዲህ በይ፤ ከሌለሽ ትልልቅ ሰዎች ሲያወሩ ጥልቅ አትበይ።»

ከሥሩ አርባ ሰው ሳቀብኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ጓሮ ልብስ እያሰጣሁ ነበር፤ የሥራ ቱታህ እጅጌው ላይ ታጥቦም ያልለቀቀ አረንጓዴ ቀለም ተረጭቶበታል። ነጭ ለብሳ ለኖረችው አሮጊታችን ደማቅ አረንጓዴ! ስልኬን አወጣሁና እጅጌውን ብቻ ፎቶ አነሳሁ። ቤቱ እንዳይታይ ተጠነቀቅኩ፤ የማንም ቱታ ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር። «ይኸው ቀለሙ» ብዬ ለጠፍኩት።

እውነቱን ልንገርህ፤ እስከዚያ ቀን በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም ነበር። ኮሞዶር ራሱ «ስንጥር፣ እጅ ሰጥቻለሁ» አለ። ሳይመሽ ግን አንዱ ቀለሙን ለየው። የአንድ ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አረንጓዴ ነው አለ፤ ጎን ለጎን አድርጎ አሳየ። ሌላው ቀጠለና አሮጊቷ በመጠጡ ስም ልትጠራ ነው አለ። ግምታቸው ቁልጭ ያለ እውነት ሆኖ ተገኘ። ሰኞ የከተማው ጋዜጣ ወሬውን አወጣው፤ የመጠጡ ኩባንያ ገና ውል ሳይፈርም ተቆጥቶ ሄደ፤ ፓርኩ ደግሞ ተጠያቂ ሰው መፈለግ ጀመረ። ያን ቀለም የነካችሁት፣ ናሙናውን የተቆለፈ መጋዘን ውስጥ የቀባችሁት፣ አንተና ጎርደን ብቻ ነበራችሁ።

ማክሰኞ ኮትህን ሳታወልቅ ማድ ቤት መጥተህ ቆምክ።

«ጎርደን ነው» አልከኝ። «እኔ ነኝ ብሎ አምኗል። እኔን ሳይጠሩኝ በፊት። ጡረታው ሁለት ዓመት ሲቀረው! ይሄ ሁሉ ዓመት አብሬው ምሳ የበላሁት ሰውዬ፣ ካርላ።»

አሁን ልናገር ብዬ አፌን ከፈትኩ። «ሻይ ላፍላልህ?» ነው ያልኩት።

ያላደረገውን ለምን እንዳመነ አልገባኝም። ለመጠየቅም አልፈለግኩም፤ ካወቅኩ መናገር ይኖርብኛልና። አንተ እሱ በእጁ የሠራልህን ወንበር ለቆሻሻ መኪና አወጣኸው። መንገድ ላይ ከሩቅ ስታየው ትሻገራለህ። ጎርደን ከዚያ በኋላ ሥራ የሚሰጠው አላገኘም። አሮጊቷ መልሳ ነጭ ተቀባችና ለፋሲካ ተከፈተች፤ አንተ ለብቻህ ሐዲዷን በእግርህ ትሄድ ጀመር። እኔ አድጌ የፎረሙ አስተዳዳሪ ሆንኩ። አዲስ ሰው በገባ ቁጥር «ስንጥር ማለት እጅጌውን ያገኘችው ናት» ይሉታል። በዚያ እጅጌ ነው የተከበርኩት፣ አባዬ።

የካቲት ላይ ሆስፒታል እጄን ይዘህ «ጎርደን ቀብሬ ላይ እንዳይቆም፤ ቃል ግቢልኝ» አልከኝ። «እሺ አባዬ» አልኩህ። ነርሷ ወጥታ ሁለት ሰዓት ብቻችንን ነበርን። ልነግርህ የምችልበት ሁለት ሰዓት ነበረኝ፤ ስለ አየሩ አወራሁህ።

በቀብርህ ዕለት ጎርደን ጥቁር ካፖርት ለብሶ፣ ክራቫት አስሮ በአውቶቡስ መጣ። ከስቷል። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ያገኘሁት እኔ ነኝ። «አባቴ አልፈለገም» አልኩት። ምንም እንዳላደረገ እያወቅኩ፣ ዓይኑን እያየሁ። «እሺ ልጄ» አለኝና ዞሮ ማዶ ካለው አውቶቡስ ማቆሚያ ሄዶ ተቀመጠ። ዝናብ ነበር። ሁለት አውቶቡስ አለፈው፤ አልተሳፈረም። ሬሳህን ይዘን ስንወጣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆመ። ከሰው ሁሉ ያየሁት እኔ ብቻ ይመስለኛል።

ለዚህ ደብዳቤ ምክንያት የሆነው ባለፈው ሳምንት የሆነ ነገር ነው። ፓርኩ አሮጊቷን እንደገና «ለእድሳት» ዘጋት፤ ሸራው ወጣ፤ ፎረሙም እንደ ድሮው ታመሰ። ሐዲዷ ብረት ሊሆን ነው የሚል አለ፤ ወደ ባሕሩ ልትረዝም ነው የሚል አለ፤ ኮሞዶርም አርጅቶ እንኳ ልትፈርስ ነው ማለቱን አልተወም። መሀል ላይ አንድ አዲስ ገቢ ያኔ ስትዘጋ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀ። ኮሞዶር መለሰለት፦ «ትሬልፎል የሚባል አናጢ ነበር። የሚያበላውን ፓርክ ምስጢር አውጥቶ ተባረረ፤ የሥራው ነው። ስንጥር ምስክሬ ናት። አይደለም እንዴ ስንጥር?»

አራት መቶ የነበረው ሰው አሁን ስድስት ሺህ ነው። ሁሉም መልሴን ይጠብቃል። ሳጥኑን አጥፍቼ ተነሣሁ። በማግስቱ ጠዋት ሄጄ የጎርደንን በር አንኳኳሁ።

«ሚስተር ትሬልፎል፣ ይቅርታ፣ ሳልደውልልዎ…»

«ሚስተር?» አለ፣ በሩን ደገፍ ብሎ እያለከለከ። «ሕፃን ሆነሽ ትከሻዬ ላይ ሸንተሽብኛል እኮ። ግቢ።»

ቁጭ ሳልል ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሥራ አስኪያጁ ፎቶውን ፊቴ ካስቀመጠው ጀምሮ። ክርኑ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው እራፊ ተጥፎበታል። የእናትሽ የማድ ቤት መጋረጃ ነው። አባትሽ ምሳ ሰዓት ላይ ሲጥፈው ዓይኑ አላይ ብሎት መርፌው ውስጥ ክር ያስገባሁለት እኔ ነኝ። ፎቶውን ለሱ ቢያሳዩት ወዲያው ያውቀዋል። አባትሽ ክሊፍ ደግሞ መዋሸት አይችልበትም፤ ልጄ ናት ይላቸውና እሱን ያባርሩታል። ስለዚህ የኔ ነው አልኩ።»

ያን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳየሁት ቁጥር የለውም፤ እራፊው የእማዬ መጋረጃ መሆኑን አንድም ቀን አላስተዋልኩም።

«ግን ለምን?» አልኩት።

«ለምን ትይኛለሽ? እኔ ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ። እሱ ሚስቱን ቀብሮ አንቺን ያሳድጋል። ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ መሄድ አለበት። ቀላል ሒሳብ ነው።»

አለቀስኩ። መሐረብ አላቀበለኝም።

«አታልቅሺብኝ። ፎቶውን ይቅር ብዬሻለሁ፤ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመትሽ ነበር። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር።»



«ምን ላድርግልዎ?» አልኩት። «ለኔ አይደለም፣ ለሱ ንገሪው» አለኝ። «ጻፊለት። ከዚያ እዚያ መንደራችሁ ላይ ለጥፊው፤ ስሜን እንዴት እንደምታነሱት የእህቴ ልጅ አሳይታኛለች።» ስለ አሮጊቷም ጠየቀኝ። ግማሹ ሰው ትታደሳለች እያለ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ከአውቶቡስ ላይ ሆኖ ክሬኑን አይቶታል፤ እንደዚያ ያለ ክሬን ለጥገና አይመጣም አለኝ። ይህን ፎረሙ ላይ እንዳልጽፍ ለመነኝ፤ «ትንሽ ተስፋ ያድርጉ» አለ። ደብቄ ብጽፈው ደግሞ ያው የድሮዋ ካርላ ነኝና፣ ደብዳቤው ከመለጠፉ በፊት አነበብኩለት፤ እዚህ መስመር ላይ ስደርስ «ተይው፣ ይግባ» ብሏል።

መቃብርህ ጋ «ልውሰድዎ» ብዬ ለመንኩት።

«አልመጣም። አልፈልገውም ብሎ ነው የሞተው» አለኝ። «ሐሳቡን የሚቀይርበት ብዙ ጊዜ ነበረው።»

ልወጣ ስል ግን እጄን ያዘና አንድ ነገር እንድጠይቅህ አደራ አለኝ። ቃል በቃል እንዳልለውጠው አስጠንቅቆኛል፤ ይኸው፦

«ክሊፍ፣ እኔ ነኝ ብዬ የነገርኩት ለሥራ አስኪያጁ ነው፤ ላንተ አንድም ቀን አልነገርኩህም። መጥተህ በሬን አንኳኩተህ 'ጎርደን፣ እውነት ነው?' ብትለኝ ፊትህ ቆሜ መዋሸት አልችልም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ይመጣል ብዬ ሁለት ኩባያ አስቀምጥ ነበር። ለምን አልመጣህም?»

አባዬ፣ እኔ ዝም ያልኩት ፈሪ ስለሆንኩ ነው፤ ምክንያቴን አውቀዋለሁ፣ አፍርበታለሁ። ያንተን ግን አላውቅም። ዛሬ ተነሥቼ በእግሬ ለካሁት፤ ከኛ ደጃፍ እስከሱ ደጃፍ ሦስት መቶ አርባ እርምጃ ነው።

ልጅህ፣
ካርላ ሆልሮይድ
እዚህ ፎረም ላይ «ስንጥር» ስባል የኖርኩት