የሙሽራዋን ፎቶ ያልላክሁልሽ ለምን እንደሆነ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ቀና ስትይ ይይዝሻል? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ የእናታችን ጉልበት ብቻ ብርድ በመጣ ቁጥር ያኮርፋል። ናፍቆትሽ ግን አላስቀምጥ ብሎናል።

ተቀይመሽኛል አሉ። የወንድማችን ልጅ የሰርግ ቀሚሷን ስትለካ ያነሳኋትን ፎቶ እህቴ ከለከለችኝ፣ እኔ አክስቷ አይደለሁም ወይ ብለሽ ለእናታችን ስሞታ አሰምተሻል። አክስቷማ ነሽ፤ ማን ካደሽ! እስኪ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽና ከዚያ ትፈርጂኛለሽ።

ስልኬ ከመስፊያው ጠረጴዛ ላይ ወድቆ መስታወቱ እንዳልነበረ ሆነ። ማዶ ካለው ጥገና ቤት ወሰድኩት። ጠጋኙ የሚስጥር ቁጥሩን ጽፈውልኝ ይሂዱ፣ ማታ መጥተው ይወስዱታል አለኝ። እስክሪብቶውን እንደያዝኩ ቀረሁ። መቼም ታውቂኛለሽ፣ የአንዲት ሴት ወገብ ስንት እንደሆነ ለባሏም አልናገርም። ስልኬ ውስጥ ግን ለመቁረጥ እንዲመቸኝ ከፊት ከኋላ እያልኩ ያነሳኋቸው ደንበኞቼ ሞልተዋል። የእኛም ልጅ አለች፤ እጅጌው ሳይገጠም፣ ያ በልጅነቷ የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ትከሻዋ እንዳለ እየታየ። ሰው እንዳያይባት ብላ እኮ ነው ሙሉ እጅጌ ያሰፋችው!

ስለዚህ ቁጥሩንም አልሰጥ፣ ጥዬም አልሄድ አልኩ። እትዬ፣ ወርቅ ደብቀውበታል እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ወገብ አለበት አልኩት። አያምኑኝም ማለት ነው ቢለኝ፣ አንተንስ አምንሃለሁ፣ የሰው ገላ ግን የራሴ አይደለም፣ እንዳሻኝ አልሰጥም አልኩት። ከዚያ በርጩማ ስቤ፣ የጀመርኩትን የጉርድ ቀሚስ ጫፍ በእጄ እየሰፋሁ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ገቢ ወጪው ጥገና ቤቱ ልብስ ሰፊም ቀጠረ ወይ እያለ ቀለደብኝ፤ አንዷማ ዚፑ የተበላሸ ቦርሳዋን ዘረጋችልኝ።

ጨርሶ ይክፈቱልኝ ሲለኝ ቁጥሩን በእጄ ጋርጄ ነካካሁ። ቢጋርዱትስ ምን ዋጋ አለው፣ የልደት ዓመት ነው አይደል አለኝ። ክው አልኩ! ያንቺን ልደት አድርጌው ነበራ። ደግነቱ ቀልዱን ትቶ እንዴት እንደሚቀየር አሳየኝ፤ ስቀይረውም ራሱ ፊቱን አዞረልኝ። አዲሱን ላንቺም አልነግርሽም፣ አትልፊ። ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ፎቶም አሁን ወዲያው ነው የማጠፋው።

አንቺን ክፉ ታስባለሽ ብዬ አይደለም። ግን ደስ ሲልሽ አውቶቡስ ላይ አጠገብሽ ለተቀመጠው ሁሉ የምታሳዪ ሰው ነሽ፤ አትካጂ። ደግሞም ልጅቷን ራሷን ጠየቅኳት። አክስቴንማ የሰርጌ ዕለት ጠዋት እኔው በቪዲዮ ደውዬ አሳያታለሁ፣ እንደለበስኩት ሆኜ ትየኝ አለች። ከዚህ በላይ ምን ልበል?

እስከዚያው ከእጅጌዋ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ በደብዳቤው ውስጥ አጥፌልሻለሁ። ዳበስ ዳበስ አድርጊያት፤ እንዴት ትለሰልሳለች!

እናታችን ሁለቱንም ጉንጭሽን ትስምሻለች፣ ከባልሽም ከልጆችሽም ጋር መርቃሻለች። ወንድማችንና ሚስቱ ሰላም ብለውሻል። ባለቤቴ ለባልሽ ሰላምታውን ያቀርባል። ሙሽራዋንም በጣም ናፍቀሻታል፤ ቁራጯን ጨርቅ መርጣ የሰጠችኝ እሷው ናት።

የማትረሳሽ ታላቅ እህትሽ
ከመስፊያ ክፍሌ፣ የካቲት ፬ ቀን