በልጄ የተሳልከው ስለት

ይድረስ ለወንድሜ ለሑሴን ይማም፤

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ የአላህ ነውና የተቆጣ ሰውም አይነፍገውም። እንዴት ሰነበትክ? የጀርባህ ሕመም ለቀቀህ ወይ? በልጉ ያዘላችሁ ወይስ እንዳምናው ደመናውን አሳይቶ ሄደ? ዘይነባስ እንደምን ናት? ልጆቹስ? ላሚቱ ወለደች ወይ? እኔ አልሐምዱሊላህ ጤና ነኝ። ቪላጆ ጀኒዮ በሚሉት ሰፈር ለጣልያኖቹ ልብስ ሳጥብ ስለምውል ብርድ ሲሆን ጣቶቼን ይቆረጥመኛል እንጂ ሌላ የከፋ ነገር የለብኝም። የታመመው ሆዴ ነው፤ ያሳመምከውም አንተ ነህ።

የላክኸው ሹፌር ነጅሙዲን ማክሰኞ ዕለት ደረሰ። የሰፈራችን የዓባ ሻውል መንገድ ለማኪናው ስለሚጠብበት ዋናው ጎዳና ላይ አቁሞ በእግሩ ቤታችን ድረስ መጣና ደብዳቤህን ሰጠኝ። ከረመዳን ወዲህ ወሬህን ስላልሰማሁ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ጎረቤቴን ኣረጋሽን ሳይቀር ካገር ወሬ መጣልኝ ብዬ ጠራኋት።

እንደምታውቀው እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ታዲያ ያንተን ደብዳቤ ማን ያነብልኛል ብለህ ነበር የላክኸው? የሰፈር ሽማግሌ ያነብና ይመክራታል ብለህ ነው? ካገር የመጣ ወረቀት ሁሉ የምታነብልኝ ልጄ ዘሀራ ናት። አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። እዚህ አሁን ትምህርቱ በአማርኛ ሆኗል፤ የኣረጋሽ ልጅ ትምህርቱ አፉን ባልፈታበት ቋንቋ ሆኖበት ፍዳውን ሲያይ፣ እሷ የናቷ ቋንቋ ነውና አንደኛ ትወጣለች። እናም እንደ ልማዳችን በመካከላችን ቆማ ማንበብ ጀመረች። ሰላምታውን አነበበች። ስለ መሬቱ ክርክር አነበበች። ረታሁ ያልከው ላይ ስትደርስ እኔ ሞኟ እልል አልኩ! ከዚያ ቀጠለች፦ ለክርክሩ ካገራችን ሸኽ ደጅ ሄደህ እንደተሳልክ፣ መሬቱ ቢመለስልህ የመሪማን ልጅ ዘሀራን ለደጁ አገልጋይነት እንደምትሰጥ፣ አሁን ስለትህ ስለሰመረ ለመውሊድ እንድትደርስ ከነጅሙዲን ጋር እንድልካት።

የገዛ ስሟ ላይ ስትደርስ ቆመች። ተሳስታ ያነበበች መስሏት ከመስመሩ መጀመሪያ ተነሥታ ደገመችው። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና አጎቴን ምን አድርጌው ነው ብላ ጠየቀችኝ። ሑሴን፣ ይህን አንተው መልስላት። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አንድ ቀን እንኳ አላየችህም፤ በየሶላቷ ግን ዱዓ ታደርግልህ ነበር።

ኣረጋሽ አማርኛዋ ትንሽ ቢሆንም ነገሩ ገባት። ብድግ ብላ ኣይፋልን! እዛ ጓል ኣይትኸድን! አለች። አይሆንም፣ ይቺ ልጅ አትሄድም ማለቷ ነው። እሷ ክርስቲያን ናት፣ በእኛ ነገር አትፈርድም እንዳትለኝ። እሷም ባምላኳ ስም ለሚመጣ ጉልበት አታጎነብስም። ሕፃኗ በታመመ ጊዜ አማቷ ጾም ነው ወተት አይሰጠውም ሲሏት፣ እናቴ፣ ጾሙ የእርስዎ ነው፣ ረሃቡ ግን የልጄ ነው ብላ አፋቸውን አስያዘቻቸው። ጾሟን ግን ራሷ አንድ ቀን አላጎደለችም።

ይህን መልስ የምትጽፈውም ዘሀራ ናት። ሌላ ጸሐፊ ልፈልግ ብል ያነበብኩት እኔ፣ የምጽፈውም እኔ ብላ ብዕሯን ያዘች። ቃሉን እያለሰለሰችብኝ አስቸግራኛለች። አንተን የሰደብኩበትን አንድ ቃል፣ ለአጎት ነውር ነው፣ አልጽፈውም አለችኝ። አንተው ገምተህ ሙላው።

የስለት ልጅ ምን እንደሆነ እኔ በወሬ አልሰማሁትም። አንተ ሦስት ዓመትህ ነበር። ኩፍኝ ይዞህ ዓይንህ ሲከደን አባታችን፣ አላህ ይማራቸው፣ ሑሴን ከተረፈልኝ መሪማን ለደጁ እሰጣለሁ ብለው ተሳሉ። አንተ ተረፍክ፣ እኔ በስምንት ዓመቴ ሄድኩ። ሰባት ዓመት ያንን ቁልቁለት እየወረድኩ ውሃ ቀዳሁ፣ ለእንግዳ እህል ፈጨሁ። ማንም አልመታኝም። የዚያን ጊዜው ሸኽ ደግ ሰው ነበሩ፣ ሲያዩኝ ራሴን ይዳብሱኝ ነበር። ግን እናታችን ስትሞት እኔ ወፍጮ ላይ ነበርኩ፤ የነገሩኝ ከተቀበረች በሦስተኛው ቀን ነው። በእነዚያ ዓመታት አንተ ፊደል ቆጠርክ፤ እኔ ዛሬም በጣቴ ነው የምፈርመው። ያን ጊዜ ሕፃን ነበርክና አልፈርድብህም። አንድ ቀንም አንስቼብህ አላውቅም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ኖርኩ። ዛሬ ግን ጢምህ መሸበት ጀምሯል። ያኔ አባታችን የተሳሉት ልጃቸው ሞት አፋፍ ላይ ሆኖባቸው ነው። አንተ ለቁራጭ መሬት!

ሃይማኖቴን ነካችብኝ ብለህ ለሽማግሌ እንዳትከሰኝ። አምስት ወቅት እሰግዳለሁ፣ የደጁን ሸኾች፣ የመሻይኾቹንም ስም በክፉ አላነሣም። ሦስት ወር ልጹም ብትል ጹም። ቀዩን በሬህን እረድ። ጫማህን አውልቀህ እስከ መካ ሂድ። ማን ይከለክልሃል? በሬው ያንተ፣ እግሩም ያንተ። የልጄን እጅ ይዘህ ስትጎትት ግን እምነት መሆኑ ይቀርና ጉልበት ይሆናል። ለምን በገዛ ልጅህ በቀድሪያ አልተሳልክም? ስለምትሳሳላት ነዋ! እሷን ስጥ ማለቴ አይደለም፣ አላህ ይጠብቃት። ግን አባት የሌላት ልጅ ቀለለችህ። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። ባሌ ጁማ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም።

ዓርብ ዕለት እዚህ ላሉ አንድ ዓሊም፣ ለሃይማኖት ሊቅ፣ ጉዳዩን ወሰድኩላቸው። ስለቱን የገባው ሰው ልጂቱን ወልዷታል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልወለዳትም አልኳቸው። የአደም ልጅ በእጁ በሌለው ነገር ስለት የለውም፣ ወንድምሽ አላህን ይፍራ፣ ካፉ ላመለጠው ቃል ሚስኪኖችን ያብላ አሉ። ከዚህ በኋላ ስለቴ ያዘኝ ብትል ምክንያት ነው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል ይባላል። የሰቀልከው አንተ ነህ፣ አንተው አውርደው። ደጁ ሰው የሚጎድለው ከሆነ ራስህ ሂድና አገልግል። ምንጩ ከትልቁ ሾላ በታች ነው፤ ሲመለሱ ዳገቱ ያደክማል።

ነጅሙዲን ልጅ አምጣ የተባልኩ አደራ አለብኝ ብሎ ሲያቅማማ ነበር። ዘሀራ ራሷ ወጥታ አልሄድም አለችው። እሱም የልጆች አባት ነውና አንገቱን ደፋ። ማኪናው ነገ ሲነሣ የሚይዘው ይህን ወረቀት ብቻ ነው። ሌላ ሰው እንዳትልክ። አንተም ለዚህ ብለህ ከመጣህ ደጄን አትረግጥም፤ ለዝምድና ከመጣህ ግን ቤትህ ነው። እወድሃለሁ፤ ባልወድህ ኖሮ እንዲህ አልቃጠልም ነበር።

ለሚስትህ ለዘይነባ ሰላም በልልኝ፤ ይህን ነገር ሰምታ ዝም ብላ ከሆነ ቅሬታዬንም ጨምረህ ንገራት። ለአያ ሙሔ ጉልበታቸውን ስሜያለሁ በልልኝ። ትንሹን ልጅህን ጉንጩን ሳምልኝ። የእናታችንን መቃብር ሳር አንሣልኝ። ለቀድሪያ ደግሞ ያልኩትን አንድ ቃል ሳታስቀር ንገራት፦ ማንም ሰው በአንቺ ስለት ቢገባ፣ አባትሽም ቢሆን፣ አስመራ ዓባ ሻውል ብለሽ የአክስትሽን የመሪማን ቤት ጠይቂ። የዘሀራ አልጋ ለሁለት ይበቃል።

እህትህ መሪማ ይማም

አስመራ፣ ግንቦት ፲፬ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.