የሐሙሱ ሰውዬ

ጥቅምት 6
እንደወትሮው ዋለ። ቢሮ ከፈትኩ፣ ክፍሉን አናፈስኩ፣ ሶፍቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አንዱ ሲያለቅስ፣ ሌላዋ ስትቆጣ፣ ሌላው ዝም ሲል... ታካሚዎቼን ስሰማ ዋልኩ። ሲመሽ ሊፍቱ ውስጥ የታችኛው ፎቅ ጥርስ ሐኪም ሥራ እንዴት ነው አለኝ። ደህና አልኩት። ቀኑን ሙሉ ስለራሴ የተናገርኩት እሷኑ ብቻ!

ጥቅምት 9
እህቴ ደወለች። ሰው ናፈቀኝ ብላት ሳቀችብኝ። ከሰው ጋር እየዋልሽ? አለች። ምን ልበላት? የሰማሁትን ለማንም አልተነፍስም፣ ለባሌም ጭምር። እንዴት ዋልሽ ሲለኝ ሆዴ ሞልቶ "ምንም" እላለሁ። ሆስፒታል ሳለሁ ኮሪደር ላይ አንዷን ባልደረባዬን ይዤ ሳወራ ይወጣልኝ ነበር። የራሴን የምክር ቢሮ ስከፍት ነጻነት መስሎኝ...

ጥቅምት 12
ሐሙስ። ጡረተኛው መሐንዲስ መጡ። ሚስታቸው ሲሞቱ እንቅልፍ አጥተው ነበር ወደ እኔ የመጡት። አሁን ይተኛሉ፣ ይበላሉ፣ ከወንድማቸው ጋር ዳማ ይጫወታሉ። ሊፍታችሁ እንደኔ ነው፣ ሽቅብ ሲወጣ ያቃስታል ብለው እንባዬ እስኪመጣ አሳቁኝ። ሲወጡ፣ ከእንግዲህ የምመጣ አይመስለኝም አሉ። እኔ ሆዬ፣ አንቸኩል፣ ትንሽ እንቆይ አልኳቸው።

ጥቅምት 13
ለምን አልኩ?

ጥቅምት 15
አላስቀምጥ አለኝ። መጋረጃውን አወረድኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ። መንገድ ወጣሁ፣ ተመለስኩ። እሳቸውን የሚያቆይ አንድም ምክንያት የለም። ሐሙስን የምጠብቀው እኔ ነኝ። የዳነ ሰው ለጨዋታው ብዬ ይዣለሁ ማለት ነው? ታዲያ ይሄ ሕክምና ነው?

ጥቅምት 17
ለቆፍጣናዋ ደወልኩ። ሆስፒታል አብረን ስንሠራ ያወጣንላት ስም ነው። የት ጠፋሽ ብላ ወረደችብኝ። ከሥራ በኋላ ካፌ ተገናኘን። የሰውዬውን ማንነት ሳልነግራት ሁሉንም ዘረገፍኩት። እንድታጽናናኝ ነበር የፈለግኩት።
"ሐሙስ ቢቀሩ የሚጎዳው ማነው?" አለችኝ።
ሻይዋን ፉት አለች። ቆይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እሷም የግሏን ከከፈተች ወዲህ መኪናዋ ውስጥ ለብቻዋ እንደምታወራ ነገረችኝ። እሷ... ያቺ ቆፍጣናዋ!

ጥቅምት 19
ሐሙስ። ለመሐንዲሱ ነገርኳቸው። ጨርሰዋል፣ ባለፈው ላቆይዎት አይገባም ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ተቀየሙኝ ብዬ ስጠብቅ...
"እኔማ ቅር እንዳይልሽ ብዬ ነው የተመለስኩት፣ ልጄ። ብቻሽን ሆነሽ አሳዘንሽኝ።"
መግቢያ ጠፋኝ። እሳቸው ቀድመው ሳቁ፣ እኔም ተከተልኩ። እስከ ደረጃው ሸኘኋቸው። ስመለስ ክፍሉ ጭር አለብኝ። ይሁን።

ጥቅምት 26
በሳቸው ሰዓት ሌላ ታካሚ አልያዝኩም። ቆፍጣናዋ መጣች፣ ገና ቢሮ የከፈተ አንድ ዝምተኛ አማካሪ አስከትላ። በየሐሙሱ ልንገናኝ፣ የማንንም ስም ሳንጠራ የከበደንን ልናወራ ተስማማን። ቆፍጣናዋ ቀድማኝ ወንበሬን ያዘች። የቀረኝ የታካሚዎቹ ሶፋ ነው። ተቀመጥኩበት... ለካ ይጎረብጣል! ማንም ነግሮኝ አያውቅም። በይ ጀምሪ አሉኝ። ከሶፋው ጀመርኩ። ከዚያ ማን ያስቁመኝ?
ቤት ስገባ ባሌ የሻከረ ድምፄን ሰምቶ ጉንፋን ያዘሽ እንዴ አለኝ።
"አይ፣" አልኩት፣ "ሳወራ ቆይቼ ነው።"